ነጭ ፊደል በበረዶ ላይ

የፊልም ቁራጭ ሲያረጅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ይህን የማውቀው ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም፤ በድሮ መዝገበ ቃላቴ ገጾች መሃል ያስቀመጥኳት አንዲት ቁራጭ ስላለችኝ ነው። ርዝመቷ ከመሃል ጣቴ አይበልጥም። ባለፈው ሳምንት ሰላጣ ልሠራ የአቼቶውን ጠርሙስ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ነካኝና ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ሄድኩ። ቁራጯን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋኋት። አምስት ትንንሽ ምስሎች አሉባት፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዲት አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ውጭ ነጭ ነው። እዚያ ነጩ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አይለይም።

እኔ በወጣትነቴ የተጣላሁት በዚህ ነው። በሩ ላይ ሰው አለ ወይስ የለም? መሳቅ ይቻላል። ግን በዚህ ጥያቄ የተነሳ የአንድ ከተማ ሰው በጅምላ ተቀይሜያለሁ፤ ከአንዳንዶቹም ሳልታረቅ መሬት ቀድማኛለች።

ነገሩ የሆነው አሰላ ነው፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የማትሪክ ተፈታኝ። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ቤቱ የእናቴ፣ የታላቅ ወንድሜና የእኔ ነበር። ወንድሜን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎት ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መጀመሪያ በየወሩ ይጽፍ ነበር፤ ኋላ በየሁለት ወሩ፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። እናቴ ረቡዕ ረቡዕ ፖስታ ቤት ትሄዳለች፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ነጠላዋን እያጠፈች "መንገዱ ተዘግቶ ነው" ትላለች። በሌላ ነገር ሁሉ ተጠራጣሪ ልጅ ነበርኩ፤ ለመምህራን የማልመች፣ ምላሴ የማያርፍ። በመንገዱ መዘጋት ግን አምን ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፊልም ይታይ ነበር። ብዙውን ጊዜ የህንድ፣ አንዳንዴ የሩሲያ። አዳራሹ የረጠበ ጋቢ፣ የገብስ ቆሎና የጄኔሬተር ናፍጣ ይሸታል፤ ነፋሱ ወደ እኛ ከዞረ ደግሞ ከከተማው ዳር ካለው ፋብሪካ የብቅል ሽታ ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ተዋንያኑ አፋቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ እናያለን። ለዚህ ሁሉ መድኃኒታችን የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበሩ። በመድረኩ ግራ ጥግ በእጅ ባትሪ ብርሃን ቆመው፣ ማይክራፎን ይዘው፣ የተባለውን ሁሉ በአማርኛ ይነግሩናል። ወንድሜንም አስተምረውታል፤ ኋላም የዳማ ባላንጣው ሆነው ነበር።

መምህሩን የምወድበት አንድ ነገር ነበረኝ። አይፈጥሩም። ሌላ ሰው ቢሆን ያልሰማውን ከራሱ ሞልቶ ያልፋል፤ እሳቸው ግን ያልገባቸው ቃል ሲመጣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ይህቺን አላወቅኳትም፤ እለፏት" ይላሉ። አዳራሹ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በዚያ ዘመን፣ በየግድግዳው መፈክር በተለጠፈበት፣ ሁሉም ሁሉን አውቃለሁ በሚልበት ዘመን፣ አላውቅም የሚል ትልቅ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ወንድሜ ከሄደ በኋላ በዓለም ላይ አይዋሽም የምለው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ አንድ እሑድ የጃፓን ፊልም መጣ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣራ ላይ፣ በዛገ የቆርቆሮ ሳጥን። ያን ጊዜም ቢሆን አሮጌ ነበር፤ ዝናብ እንደሚዘንብበት ሁሉ ከላይ እስከ ታች የተጫጫረ። ርዕሱ በራሳቸው ፊደል ስለተጻፈ እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም፤ ስንጠራው "የጃፓኑ" ነው የምንለው። ንግግሩ ጃፓንኛ ሆኖ ከሥር ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ቀዝቃዛ ኮከብ ከሰማይ ጥግ ወደ ምድር ይመጣል። እየቀረበ ሲሄድ ባሕሩ በረዶ ይሆናል፤ ቶክዮ በበጋ ትነጣለች። ከተማዋ ከካርቶን መሠራቷ ያስታውቃል፤ የጠፈር መንኮራኩሮቹ የተንጠለጠሉበት ክር ሳይቀር ይታያል፤ ከኋላችን የተቀመጡ ጋሪ ነጂዎች "ኧረ ክሩን አጥብቁት" እያሉ ያስቁናል። ኮከቡን ገፍተው መንገዱን እንዲያስቀይሩ ወጣቶች በመንኮራኩር ይላካሉ። አንደኛው የአንዲት ዓሣ አጥማጅ መበለት ልጅ ነው። ሲሰናበታት "ፋኖሱን አታጥፊው" ይላታል። ኮከቡ መንገዱን ይቀይራል፤ ዓለም ይድናል፤ በከተማው ሰልፍና ሙዚቃ ይሆናል። ስለ ልጁ ግን ማንም ምንም አይናገርም።

የመጨረሻው ትዕይንት ያቺ ጎጆ ናት። ፋኖሱ መስኮቱ ላይ ይበራል፤ ውሻው ደጃፉ ላይ ተኝቷል፤ ውጭው በረዶ ብቻ ነው። በሩ ይንኳኳል። አሮጊቷ ተነስታ ትከፍታለች። ነጭ ብርሃን ይገባል። እጇን ትዘረጋለች፣ እኛ የማናየውን አንድ ነገር ትነካለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ፋኖሱ ይጠፋል። አለቀ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ አስቸጋሪ ነበር፤ ነጭ ፊደል በበረዶ ላይ ነው የወጣው። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ ስለነበር አነበብኳት። "እጅህ እንዴት ቀዝቅዟል" ነው የሚለው። ማይክራፎኑ የመምህሩን ትንፋሽ ብቻ ያሰማ ነበር። እኔ "እለፏት" እስኪሉ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን "'ልጄ፣ መጣህልኝ፤ ግባ' ትላለች" አሉና ባትሪያቸውን አጠፉ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጎረቤቶቻችን "እስቲ ትንሽ ንፋስ ይንካት" ብለው በግድ ያመጧት እናቴ አላጨበጨበችም። የምታየውም ሸራውን አልነበረም። መምህሩ የቆሙበትን ጨለማ ጥግ ነበር የምታየው።

ከፊልም በኋላ እናቶች ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከአዳራሹ አጠገብ ወዳለው የሐጂ ሻይ ቤት እንገባለን። እዚያ የራሳችን ወግ ነበረን። ፊልሙን ችሎት እናስቀምጠዋለን፤ እንደ ድሮ ሰዎች 'በላ ልበልሃ' እየተባባልን አንዱ ይከሳል፣ አንዱ ይሟገታል፤ ሐጂ ከሻይ ማጥለያቸው ጋር ዳኛ ይሆናሉ፤ መምህሩ ምስክር ናቸው። የእኔ ባላንጣ ከአቦምሳ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። እኔ ነጭ ካልኩ ጥቁር ማለት ሥራው ነው። የቅርብ ጓደኛዬ ደግሞ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ምንጊዜም ከእኔ ጎን ናት።

የዚያን ዕለት ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦ ጠበቀኝ። መምህሩ ራሴን አሞኛል ብለው ሊሄዱ ሲሉ ምስክርነትዎን ሳይሰጡ አይሄዱም ብዬ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ልጁ ሞቷል ብዬ ከሰስኩ። የአቦምሳው ልጅ ተነስቶ መጥቷል አለ። ይሄ የተለመደ ነው። ጓደኛዬም መጥቷል አለች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ጠረጴዛው በሙሉ ልጁ መጥቷል አለ። አንድ ሰው ከእኔ ጋር የለም። ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ አንደበቴ ይፈታል።

ቆሜ ተሟገትኩ። ፊልሙን ሙሉ ለነፋስ ሲጮህ የነበረው ውሻ በሩ ሲንኳኳ ለምን ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም? በበረዶው ላይ ኮቴ አያችሁ? ትንፋሹስ? ከጭላሎ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይህን ከማንም አይማርም፤ በብርድ ስናወራ ከአፋችን ጉም ይወጣል። ከእናትየው አፍ ይወጣ ነበር፤ ከበሩ በኩል ግን ምንም አልወጣም። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞርኩ።

"ቲቸር፣ እርስዎም ተሳስተው ነው የተረጎሙት" አልኳቸው። "እጅህ ቀዝቅዟል ነው ያለችው።"

"በበረዶው ላይ ፊደሉ አልታየኝም" አሉ።

"ያልታየዎትንማ እለፏት ነበር የሚሉት።"

ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ያያሉ። እንግዲህ ጠበቃ ባላንጣው ዝም ሲል የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መደምደሚያዬን አመጣሁ። "ልጇ ከሞተ ቆይቷል" አልኩ። "አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት።"

ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ያኔ ግን በኩራት ነው ያልኩት። የትልቁ ማንቆርቆሪያ መፍላት ብቻ ይሰማ ነበር። ጓደኛዬ ሻይዋን ሳትጨርስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። የአቦምሳው ልጅ ጠረጴዛውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። ሐጂ ማጥለያቸውን አስቀመጡ።

"ይህን ችሎት ዘግቻለሁ" አሉ። "ወላሂ በዚህ አልፈርድም።"

እኔ የመሰለኝ አሸንፌ ነው። መምህሬን በሕዝብ ፊት ስላሳፈርኩ የተከፉብኝ መሰለኝ። ቦምቦሊኖዬን እስከ መጨረሻው በልቼ፣ ስኳሩን ከጣቴ ልሼ፣ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ዝናቡ አባርቶ የማታ ጀምበር ሰፌዱ ላይ ወድቋል። ሳታየኝ "ልጁ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"መምህሩ መጣ ብለው የለ?"

"አንቺን ነው የጠየቅኩሽ። አንቺ ታነቢ የለም ወይ?"

አሁንም በድሌ እንደሞቅኩ ነበርኩ። ስለ ውሻው፣ ስለ ኮቴው፣ ስለ ትንፋሹ ነገርኳት። "ሞቷል እማዬ" አልኳት፤ "በሩን ያንኳኳው ብርዱ ነው።" እናቴ አንዲት ጠጠር ለቅማ አውጥታ ትንሽ አየቻትና በመስኮቱ ወረወረቻት። "እኔም መስሎኝ ነበር" አለች። ከዚያ ፈተናሽ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት ሳምንት ቀረው አልኳት።

"በይ አጥኚ" አለችኝ።

አጠናሁ። በሕይወቴ እንደ እነዚያ ሰባት ሳምንታት ሰው ሁሉ የተንከባከበኝ ጊዜ የለም። የጓደኛዬ እናት ጠዋት ጠዋት ወተት ታመጣልኛለች። ሐጂ ለጥናት ብለው በፔርሙዝ ሻይ ይልካሉ። መምህሩ የድሮ ፈተናዎች በእጃቸው ገልብጠው ይሰጡኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩኝም። ጓደኛዬ አብረን ልናጠና ብላ እኛ ቤት ተዛወረች፤ ፊዚክስ መሃል ድንገት ታለቅሳለች፤ እኔ ፍቅር ይዟት መስሎኝ እቀልድባታለሁ። ሬዲዮናችን ተበላሸ ተባለና ሊሠራ ተወስዶ ቀረ። እናቴ ረቡዕ ረቡዕ ፖስታ ቤት ትሄዳለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ነኝ ያ።

ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። በእንቅልፍ ልቤ "መጣ!" ብዬ ዘልዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ውጭው ነጭ ነበር። የአሰላ ጉም ግቢያችንን ሞልቶታል፤ ጉሙ ውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል። ሐጂ አሉ። መምህሩ አሉ። የአቦምሳው ልጅ ካፖርት ለብሶ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ማንም ከመናገሩ በፊት የጓደኛዬ እናት ወገቤን ያዘችኝና "ኦብሲ፣ ኢንተላ ቲያ" አለችኝ፤ ቻዪው ልጄ።

የቀረውን መናገር አልችልበትም። ለቅሶ ለቅሶ ነው።

በኋላ፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ነገሩን አንድ በአንድ ሰማሁ። ከወንድሜ ጋር የነበረ አንድ እግሩን ያጣ የጢቾ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አሰላ ወርዶ መምህሩን ፈልጎ አግኝቷቸው ነበር። ወንድሜ ከሞተ ያን ጊዜ አራት ወሩ ነው፤ የት እንደተቀበረ ልጁም አያውቅም። መምህሩ ሐጂንና ጎረቤቱን ጠርተው መከሩ፤ መርዶው እኔ ፈተናዬን እስክጨርስ እንዲቆይ ወሰኑ። አጠገቤ ሆና ወሬ እንዳይደርሰኝ እንድትጠብቀኝ ለጓደኛዬ ተነገራት፤ የሻይ ቤቱ ልጆችም አፋቸውን እንዲይዙ ተነገራቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ፊልሙ ከመታየቱ ከአምስት ቀን በፊት ነው።

ከአምስት ቀን በፊት። እንግዲህ ሻይ ቤት ውስጥ ቆሜ ስሟገት ሁሉም ያውቁ ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቃል ስል ያውቁ ነበር። ቦምቦሊኖዬን ስበላ እያዩኝ ነበር። ወግ ነው፣ አውቃለሁ፤ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፣ ሰዓት ይፈለግለታል፤ "ለአንቺ ብለን ነው" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከዱኝ። ሌላ ቃል የለኝም። በአንድ ከተማ ፊት አሞኙኝ፤ ወንድሜ ሞቶ ስለ ካርቶን ከተማ አሳቁኝ። ለወንድሜ ላዝንበት የሚገባኝን ሰባት ሳምንት ዘርፈውኝ በምትኩ የፊዚክስ ቀመር ሰጡኝ። በጓደኛዬ ላይ ፊቴን አዞርኩ፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችልኝን ደብዳቤ አንድም አልመለስኩም።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን መምህሩ ነበሩ፤ የማይዋሹት። ፈተናውን አልፌ ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጡ። አንድ ትንሽ ፖስታ ሰጡኝ። በዚያ እሑድ ማብቂያ ላይ ፊልሙ ተበጥሶ የማሽኑ ኦፕሬተር ቆርጦ የጣላትን ቁራጭ ነው ያስቀመጡልኝ። ቆባቸውን አወለቁ። "ያቺን ዓረፍተ ነገር ልመልስልሽ ፈልጌ ነው" አሉኝ። "እናትሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ..."

"ይለፏት፣ ቲቸር" አልኳቸውና አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ወደ አሰላ ለመመለስ ስወስን አፈር ከቀመሱ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

እናቴ ግን ዕድሜ አገኘች። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ልጠይቃት ሄጄ መንገድ ላይ የድሮው የፖስታ ቤት ሠራተኛ አስቆመኝ። ሸምግሏል። ስለ እናቴ ስናወራ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል አለኝ። ወንድምሽ በሞተ ጊዜ፣ መርዶው ሳይነገር በፊት ባሉት ሳምንታት፣ እናትሽ እንደ ወትሮዋ ረቡዕ ረቡዕ ትመጣ ነበር፤ ሰላም ብላኝ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ትንሽ ቆይታ ትሄዳለች። ደብዳቤ አለ ወይ ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ቁጭ ሳልል ጠየቅኳት። መርዶው ከመነገሩ በፊት ታውቂ ነበር?

"አውቅ ነበር" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"አንቺ ነሻ።" ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየችኝ። "መምህሩ ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆነብኝ። ጠረጠርኩ። አንቺ አትዋሺምና ቤት ስትመጪ ጠየቅኩሽ፤ ነገርሽኝ።"

ያን የመስኮት ብርሃን አየሁት፤ ሰፌዱን፣ ጠጠሯን። ያን ያህል ዓመት የተጠራቀመ ንዴቴ መሄጃ ፈልጎ በእሷ ላይ ወጣ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ እየተኛሽ፣ እኔ እንዳልጠረጥር ብለሽ ፖስታ ቤት እየተመላለስሽ፣ አንቺም እንደ ሌሎቹ ደበቅሽኝ ብዬ ጮህኩባት። አስጨረሰችኝ።

"አንቺ መርዶዬን የነገርሽኝ ሳታውቂ ነው፣ ልጄ" አለች። "እኔ እያወቅኩ በምን አንደበቴ ልንገርሽ?"

ልክ ነበረች አልልም። ዛሬም አልልም። ያን ዕለት እጇን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩትም። በሚቀጥለው ክረምት ከዚህ ዓለም ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ቁራጯን መስኮቱ ላይ ይዤ ቆሜ ሳለ የልጄ ልጅ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁሉንም ካላየሁ የምትል። አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ ዓይኗን ጨፍና ምስሎቹን አየች።

"አያቴ፣ በሩ ላይ ማን አለ?" አለችኝ።

ውሻው ትዝ አለኝ፤ ኮቴው፣ ትንፋሹ፣ ነጩ ፊደል። መምህሩ ከጨለማው ጥግ ሆነው በማይክራፎኑ ሲተነፍሱ ተሰማኝ።

"ልጇ ነው" አልኳት። "መጣላት።"

እሺ ብላ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። ቁራጯን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ መልሼ ሰላጣዬን መክተፍ ቀጠልኩ።